የእኔ ዱቄትና የልጄ ዱቄት

በቡርቃ ጃቶ የብረት በር የሚያረጀው ከታች ነው። የነቀምቴ ክረምት ረጅም መሆኑን የኖረበት ያውቀዋል። ዝናቡ በግንቦት ሲጠና እስከ መስከረም ማለቂያ ፋታ አይሰጥም። ከጣሪያ የሚወርደው ውሃ መሬት ላይ እየነጠረ የበሩን የታችኛውን ጠርዝ ሲመታው ይከርማል። በብሩሽ የተቀባው ቀለም መጀመሪያ ያብጣል፣ ቀጥሎ ይላጣል፣ ከሥሩ ቀይ ዝገት ብቅ ይላል። ሁለት ክረምት ያለፈው በር ቀና ብለው ሲያዩት ደህና ነው፤ ጎንበስ ብለው ሲያዩት ግን ወንፊት ሆኗል።

ልጄ በያጅ ነው። በርና መስኮት፣ አልጋና የልብስ መስቀያ ይሠራል። ብየዳው ጥሩ እንደሆነ ሰው ሁሉ ይመሰክርለታል። ከባኮም ከጊምቢም መጥተው ያዘዙት አሉ። የሚመለሱበት ቅሬታዎች ግን ሁሌም የቀለም ናቸው። «ብረቱ ምንም አልሆነም፣ ቀለሙ ግን…» ይሉታል። ለዚህ ነው የዱቄት ቀለም ነገር በልቡ የገባው። ፓውደር ኮቲንግ ይሉታል። እኔም የሰማሁት ከእሱ ነው።

ነገሩ በአጭሩ እንዲህ ነው። ቀለሙ እንደ ስንዴ ዱቄት የላመ ደረቅ ዱቄት ነው፤ ቤንዚንም ቲነርም የለበትም። በኤሌክትሪክ የሚሠራ መርጫ ዱቄቱን ኃይል አሸክሞ ይነፋዋል። ብረቱ ደግሞ በሽቦ ከመሬት ጋር ተያይዟል። ስለዚህ ዱቄቱ ማበጠሪያ ፀጉር እንደሚስብ ሁሉ ብረቱ ላይ ሄዶ ይለጠፋል። ከዚያ ብረቱ ከነዱቄቱ መጋገሪያ ውስጥ ይገባል። ዱቄቱ ይቀልጣል፣ ይያያዛል፣ ይጠነክራል። የሚወጣው ልባስ ውፍረቱ ከ60 እስከ 80 ማይክሮን፣ የአንድ የራስ ፀጉር ያህል ነው፤ ግን ብረቱን ዙሪያውን ሸፍኖ ስለሚይዘው በብሩሽ ከተቀባው ይልቅ ጭረትንም ዝናብንም ይችላል።

ልጄ ይህን ሁሉ አስረድቶኝ ሲያበቃ ወደ ጉዳዩ ገባ። «እማዬ፣ ሙቀቱ 200 ዲግሪ ነው የሚፈልገው። ያንቺ መጋገሪያ ደግሞ 250 ይደርሳል። ማታ ማታ ዳቦ ከጨረስሽ በኋላ ብቻ…»

እኔ በቤቴ ዳቦ ጋግሬ ለሱቆች እሰጣለሁ። የዱቄት ቀለም የሚበስለው ከ180 እስከ 200 ዲግሪ ነው። ዳቦዬም የሚበስለው በዚያው ነው። ልጄ ሁለቱን ማገናኘቱ አልገረመኝም። አዲስ መጋገሪያ መግዛት ገንዘብ ነው፤ እሱ ደግሞ የሚጠብቀው የእኔን እቁብ ነበር። እቁቡን ካልሰጠሁት አዲስ አበባ ሄዶ በሰው ወርክሾፕ ተቀጥሮ ሊሠራ አስቧል። ከሰጠሁት ደግሞ ሥራው የሚገባው እዚሁ ግቢያችን ውስጥ ነው፤ በግቢው ውስጥ ገና አራት ዓመት ያልሞላው የልጅ ልጄ አለ። ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ የሚወስድ፣ «አኮ! አኮ!» እያለ ከእግሬ ሥር የማይጠፋ ልጅ ነው።

ለመጋገሪያዬ የሰጠሁት መልስ አንድ ቃል ነበር፤ አይሆንም። ለሥራው ግን አይሆንም አላልኩም። «መጀመሪያ ምን ምን እንደሚገዛ ቁጭ ብለን እንጻፍ» አልኩት። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይም ያ ወረቀት ነው። ልጆቻቸው በግቢ ውስጥ እጅ ሥራ የጀመሩላቸው፣ ወይም ሊጀምሩ ያሉባቸው ወላጆችና አያቶች ብዙ ስለሆናችሁ ይጠቅማችሁ ይሆናል።

ልጄ የሥራውን አጀማመር ያየው በስልኩ በቪዲዮ ነው። እኔንም አሳየኝ። አንድ የውጭ አገር ሰው በቤቱ እርሳስ አቅልጦ ያፈሰሳቸውን ጥይቶች በዱቄት ቀለም ያለብሳል። መሣሪያው ምንም አይደለም፤ ክዳን ያለው የፕላስቲክ ዕቃና ትንሽ የዳቦ መጥበሻ ኦቨን ብቻ ነው። ጥይቶቹን ከዱቄቱ ጋር በዕቃው ውስጥ ይንጣቸዋል። በመፋተጉ በሚፈጠረው ኃይል ዱቄቱ ይለጠፍባቸዋል። ከዚያ አውጥቶ ይጋግራቸዋል። ልባሱ እርሳሱ ጠመንጃው አፈሙዝ ውስጥ እንዳይቀባ፣ እጅም እርሳሱን በቀጥታ እንዳይነካ ይረዳል ይባላል።

ጥይት የእኛ ሥራ አይደለም፤ የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ባለበት አገር ያለፈቃድ የሚሞከርም አይደለም። እኔን ያሳሰበኝ ሌላ ነው። ድሮ አባቶቻችን እርሳስ በማንኪያና በሸክላ አቅልጠው አረር ሲያፈሱ ልጆች ከበው ያዩ እንደነበር ሰምተን አድገናል። ያን ጊዜ እርሳስ ልጅን ምን እንደሚያደርግ የሚናገር አልነበረም። ዛሬ የዓለም ጤና ድርጅት በልጅ ደም ውስጥ ጉዳት አያደርስም የሚባል የእርሳስ መጠን እንደሌለ ይናገራል። የሚጎዳው የሚያድገውን አእምሮ ነው። ልጁ ይታወካል፣ ትምህርት ይከብደዋል፤ እናት ግን ከምን እንደመጣ አታውቅም። አቧራውም በልብስ፣ በጫማ፣ በፀጉር ከሥራ ቦታ ወደ አልጋ ይገባል። የአሮጌ ባትሪ ሳህን የሚያቀልጡ ሰፈሮች ውስጥ ያለው መከራ ይኸው ነው። ስለዚህ ከወረቀቱ በላይ የጻፍነው የመጀመሪያ መስመር የሚገዛ ዕቃ አልነበረም። «እርሳስ በዚህ ግቢ አይቀልጥም፣ እርሳስ የሆነ ነገር ለቀለምም አይገባም» የሚል ነው።

ቀለሙን ስንገዛም ይህንኑ እንጠይቃለን። አንዳንድ ደማቅ ቢጫና ቀይ ቀለሞች ድምቀታቸውን የሚያገኙት ከእርሳስ ነው። አገራችን በቀለም ውስጥ ለሚኖር እርሳስ ገደብ አውጥታለች። በአንድ ሚሊዮን ክፍል ቀለም ውስጥ ከ90 ክፍል መብለጥ የለበትም። ነጋዴው ካርቶኑን እንዲያሳየን፣ ከቀለሙ ጋር የሚመጣውን ወረቀት እንዲሰጠን እንጠይቃለን። ስምም ወረቀትም በሌለው ፌስታል ተመዝኖ የሚሸጥ ዱቄት፣ ርካሽ ቢሆንም አይገዛም። በተለይ ለልጅ አልጋ። ልጅ የአልጋውን ብረት በጥርሱ እንደሚነክስ ያሳደገ ያውቃል።

ሁለተኛው መስመር ቦታ ነው። ልጄ በረንዳውን አስቦ ነበር፤ ጣሪያ አለው፣ መብራት ቅርብ ነው። በረንዳው ግን ቡና የሚፈላበት ነው። የእህል ዱቄት በወፍጮ ቤት አየር ላይ ሲቦንን እሳት ካገኘው እንደ ባሩድ እንደሚነሣ የሚያውቅ ያውቃል። የቀለም ዱቄትም እንዲሁ ነው። አየር ላይ በኖ ከሰል፣ ሲጋራ ወይም የብየዳ ፍንጣሪ ካገኘው ይያያዛል። ስለዚህ መርጫው የሚሠራበት ቦታ ከከሰል ምድጃ፣ ከዕጣን ማጨሻና ከራሱ ከልጄ የብየዳ ቦታም መራቅ አለበት። ጓሮ ያለችውን የቆርቆሮ ክፍል አጸዳንለት። በአንድ ወገን መስኮት፣ በሌላው ወገን ወደ ውጭ የሚስብ ፋን ተገጠመላት። የፋኑ አፍ ወደ ጎረቤት ግቢ እንዳይዞርም አየን። ለዱቄቱ ብለን ጎረቤት አናስቀይምም። በሯም ቁልፍ አላት፤ ቁልፉ የሚሰቀለው የልጅ ልጄ እጅ የማይደርስበት ላይ ነው።

ሦስተኛው ራሱ መጋገሪያው ነው። ለምን የእኔን አልሰጠሁትም? ዱቄቱ ሲቀልጥ ጭስና ሽታ ይወጣዋል። ያ ጭስ በመጋገሪያው ግድግዳና በር ላይ ይቀራል፤ ያልተለጠፈው ዱቄትም ስንጥቁ ውስጥ ይገባል። በማግሥቱ ዳቦ ሲገባበት ያ ሁሉ ዳግመኛ ይሞቃል። ብትታጠብም፣ ብትፈገፈግም፣ ቀለም የጋገረች መጋገሪያ ወደ ወጥ ቤት አትመለስም። ይህ የእኔ ሕግ ብቻ አይደለም፤ ሥራውን የሚያውቁት ሁሉ የሚሉት ነው።

ስለዚህ የራሱ ይኑረው ብለን ያገለገለ ፈለግን። እዚህ ላይ ዳቦ ጋጋሪነቴ ጠቀመ። መጋገሪያ ሲገዛ ሰው የሚያየው መስታወቱንና ቁልፉን ነው። እኔ የማየው ሙቀቱ ከአራቱም ማዕዘን እኩል መሆኑን ነው። ሻጩ ቤት ዳቦ ይዤ ሄድኩ። እኩል እኩል ቆርጬ በአራቱ ማዕዘንና በመሃል አስቀመጥኩ፤ 200 ላይ አድርጌ ጠበቅኩ። አንደኛዋ መጋገሪያ ከኋላ በቀኝ በኩል ያለውን አከሰለች፣ የፊቱን ነጭ አድርጋ ተወችው። ሁለተኛዋ ከውስጥ አየሩን የሚያዞር ፋን ነበራት፤ አምስቱም ቁራሾች አንድ ዓይነት ወርቃማ ሆነው ወጡ። እሷን ገዛን። በዚያች መጋገሪያ የተጋገረው የመጨረሻ ዳቦ ያ ነው። በበሯ ላይ በቀይ ቀለም «ምግብ አይገባባትም» ብለን በአማርኛም በኦሮምኛም ጻፍንባት። እኛ ብናልፍ፣ ቤቱም ቢከራይ፣ መጋገሪያዋ ብትሸጥ፣ ጽሑፉ ይኖራል።

መጠኗ ትንሽ ናት። እጀታ፣ ማጠፊያ፣ የልብስ መስቀያ፣ የመደርደሪያ እግር ትይዛለች፤ በር አትይዝም። ልጄ ቅር አለው። የበር መጋገሪያ ሰው የሚገባበት ሣጥን ነው። በላሜራ ተሠርቶ፣ ግድግዳው መሃል ሙቀት የሚይዝ የድንጋይ ሱፍ ተጠቅጥቆ፣ ማሞቂያና ፋን ይገጠምለታል። የሚፈልገውም ኃይል የቤት ቆጣሪ የሚሸከመው አይደለም፤ ባለሦስት ፌዝ መስመር ይጠይቃል። እሱ ለነገ ነው። ዛሬ በትንሹ እጁን ያፍታታ፤ ገበያውንም ይፈትን።

ስለ ቆጣሪ ካነሣን፣ አራተኛው መስመር መብራት ነው። ሒሳቡ ቀላል ነው። የዕቃው ዋት ለ220 ሲካፈል የሚስበው አምፔር ይወጣል። 2000 ዋት መጋገሪያ 9 አምፔር ይስባል። 3500 ዋት የእንጀራ ምጣድ 16 አምፔር ይስባል። 1500 ዋት ኮምፕሬሰር 7 አምፔር፣ ሲነሣ ደግሞ ከዚያም በላይ ይስባል። ሦስቱ አንድ ላይ ከ30 አምፔር ያልፋሉ። በቀጭን ሽቦ ላይ ይህ ሁሉ ሲጫን ግድግዳው ውስጥ ያለው ሽቦ ይግላል፤ የቤት ቃጠሎ የሚነሣውም እንዲህ ነው። ለጓሮዋ ክፍል ከቆጣሪው በቀጥታ የራሷ መስመርና የራሷ ብሬከር በኤሌክትሪክ ባለሙያ ተዘረጋላት። እንጀራ በሚጋገርበት ሰዓት ደግሞ ልጄ አይጋግርም።

መብራት በመሃል ቢጠፋስ? የእኔ ዳቦ ከሆነ ተበላሸ። በዚህ በኩል የልጄ ዱቄት ከእኔ ዱቄት ይሻላል። መብራቱ ሲመለስ ደግሞ ይሞቃል፤ ደቂቃውም ከመጀመሪያ ይቆጠራል።

ስለ ደቂቃ ሌላም ነገር አለ። የቀለሙ ወረቀት «200 ዲግሪ፣ 10 ደቂቃ» ይላል። ልጄ መጋገሪያዋ 200 ስትደርስ መቁጠር ይጀምር ነበር። «ልጄ፣ ድፎ ዳቦና ትንንሽ ዳቦ እኩል ይበስላሉ?» ብዬ ጠየቅሁት። ሳቀ፤ ገባው። ቀጭን ላሜራ ቶሎ ይግላል፣ ወፍራም አንግል ይዘገያል። ደቂቃው የሚቆጠረው ብረቱ ራሱ ያን ሙቀት ከደረሰ በኋላ ነው። ለዚህ ከርቀት የሚለካ የሙቀት መለኪያ ገዛን። በኮሮና ጊዜ በየበሩ ግንባራችን ላይ ይደቀን የነበረው ዓይነት አይሆንም፤ እሱ የሰው ሙቀት ብቻ ነው የሚለካው። ለፋብሪካ ሥራ የሚሆነውን፣ ቢያንስ እስከ 300 ዲግሪ የሚያነበውን ነው የገዛነው። ሥራው ካለቀ በኋላም መብሰሉ ይፈተናል። በአሴቶን የራሰ ጨርቅ ይታሸበታል። ቀለሙ ጨርቁን ካቆሸሸው ወይም ከለሰለሰ አልበሰለም። ዳቦን በእንጨት ወግተን እንደምናየው ማለት ነው።

አምስተኛው ትንፋሽ ነው። ለሚሠራው ልጅ የአቧራ ማስክ ያስፈልጋል፤ የጨርቁ ሳይሆን ኤን 95 የሚባለው ወይም ከዚያ የሚበልጠው፣ ፊት ላይ ግጥም የሚለው። ጓንት፣ የዓይን መነጽር፣ በክፍሏ ውስጥ ብቻ የሚለበስ ጋዋንም ያስፈልጋሉ። አንዳንዱ ዱቄት ቲጂአይሲ የሚባል ማጠንከሪያ አለበት፤ ቆዳንና ሳንባን ያስቆጣል። የሌለበትም ስላለ ሲገዛ ጠይቆ መምረጥ ይቻላል። ልጄ ከክፍሏ ሲወጣ ጋዋኑን እዚያው ሰቅሎ፣ እጁንና ፊቱን ታጥቦ ነው ልጁን የሚያቅፈው። ሕፃኑ በሩ ላይ ቆሞ ሲያለቅስ አንጀት ይበላል፤ ግን ሁለት ደቂቃ ነው።

መርጫው በወረቀታችን ላይ የመጣው በስድስተኛ ደረጃ ነው። ልጄ ግን ከሁሉ በፊት ሊገዛ የነበረው እሱን ነው። ወጣት ሁሌ ዓይኑ የሚያርፈው እጅ ላይ በሚያዝ ነገር ላይ ነው። ርካሹ መርጫ ትንሽ ኃይል አለው፣ ለጠፍጣፋ ነገር ይበቃል። ባለሙያ የሚይዘው እስከ 100 ሺህ ቮልት ይደርሳል፤ ፍሰቱ ግን እጅግ ትንሽ ነው። የትኛውም ቢሆን ከመሬት ሽቦ ውጭ አይሠራም። ብረቱ ከመሬት ጋር ካልተያያዘ ዱቄቱ አይለጠፍም፤ ኃይሉም በሚሠራው ሰው ላይ ይጠራቀምና ያስደነግጠዋል፣ ፍንጣሪም ይፈጥራል። ብረቱ የሚንጠለጠልበት መንጠቆም በየጊዜው መፋቅ አለበት። ከዕቃው ጋር አብሮ ቀለም ስለሚለብስ መሬቱን ይዘጋል። የቱቦላሬ የውስጥ ማዕዘንም ዱቄት ለመቀበል እምቢ ይላል፤ እዚያ ላይ ኃይሉን ቀነስ አድርጎ፣ አየሩንም አለስልሶ መንፋት ነው።

የእኛን አገር እርጥበትም አልረሳንም። ኮምፕሬሰር አየሩን ሲያምቅ ውሃ ያጠራቅማል፤ በክረምት ነቀምቴ ደግሞ ይብሳል። ውሃ የሚይዝ ማጣሪያ ካልተገጠመለት ዱቄቱ እንደ ረጠበ ጨው ይጓጉላል። የቀለም ካርቶኑም እንደ እኔ የዱቄት ከረጢት ከሲሚንቶ ወለል ከፍ ብሎ፣ በፌስታል ታስሮ፣ ፀሐይም ምድጃም በሌለበት ይቀመጣል። ከሁሉ በላይ ግን ብረቱ ራሱ ንጹሕ መሆን አለበት። ቅባቱ ታጥቦ፣ ዝገቱ ተፍቆ፣ ደርቆ ካልገባ የዱቄት ቀለምም እንደ ብሩሹ ይላጣል። የሚያምር መሣሪያ የቆሸሸ ብረት አያድንም።

እቁቤ ለዚህ ሁሉ አልበቃም። የበቃው እስከ አምስተኛው መስመር ድረስ ነው። መርጫውን ልጄ ራሱ ከሥራው አጠራቅሞ በአራት ወሩ ገዛ። በእነዚያ አራት ወራት ትንንሽ እጀታዎችን ቪዲዮው ላይ ባየው ዘዴ፣ በክዳን ዕቃ እየናጠ ሲለማመድ ቆየ። አየሩ ደረቅ በሆነበት በኅዳርና በታኅሣሥ ጥሩ ይለጠፍለት ነበር። ደመና ሲሆን ይቀንሳል። ዕቃው የወጥ ቤት አልነበረም፤ ለዚሁ ብሎ ገዝቶ እሱንም ምልክት አደረገበት። ያን ሲያደርግ ሳየው ልቤ አረፈ።

ለሴት ጓደኞቼ ይህን ስነግራቸው፣ «አንቺ ደግሞ አበዛሽው፤ ልጁ ይሥራ ተዪው» ያሉኝ አሉ። ልጅ እንዲሠራ የማይፈልግ ማን ነው? ነገር ግን በግቢ ውስጥ የሚሠራ ሥራ የሠሪው ብቻ አይደለም። ጭሱን የሚተነፍሰው፣ አቧራውን የሚረግጠው፣ የተረሳውን ዕቃ ወደ አፉ የሚወስደው ሌላ ሰው ነው። ያ ሰው ደግሞ ዕቃ ሲመረጥ አይጠየቅም፤ ገና አፉን አልፈታም። ስለ እሱ የምንጠይቀው እኛ ነን። ልጃችሁ ገንዘብ ሲጠይቃችሁ ስጡት፤ ከመስጠታችሁ በፊት ግን አንድ ወረቀትና እስክሪብቶ አምጡና «መጀመሪያ ምን ይገዛል?» በሉት። ማስኩና የመሬት ሽቦው ከመርጫው በላይ ከተጻፉ ገንዘባችሁ ጥሩ እጅ ገብቷል።

የመጀመሪያው ትልቅ ትእዛዝ ባለፈው ሳምንት መጣ። የሕፃን አልጋ ነው፤ ተገጣጣሚ፣ ቁርጥራጩ ከትንሿ መጋገሪያ የሚገባ። ደንበኛዋ እናት ደማቅ ቢጫ ፈለገች። ልጄ ካርቶኑን አውጥቶ ወረቀቱን አነበበላት፤ ከዚያ መዘኑ።